የነጋቲቩ ዳር ቁጥሮች

ሁለት የታጠቡ ፊልሞች በልብስ መቆንጠጫ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። የሁለቱም ምስል አንድ ነው፤ ጅማ፣ አንድ በረንዳ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ባለሦስት እግር በርጩማ፣ በላዩ ላይ የተጣለ ነጭ ነጠላ። ካሜራው አንድ፣ ሌንሱ አንድ፣ ብርሃኑም አንድ። የሚለያዩት በፊልሙ ብቻ ነው፤ አንደኛው ኢልፎርድ ኤችፒ 5 ፕላስ፣ ሁለተኛው ፎማፓን 400። ኤችፒ 5ቱ ጠቁሯል፤ ነጋቲቭ ላይ ነጩ ጥቁር ሆኖ ስለሚወጣ ነጠላው ያለበት ቦታ ደድሮ ብርሃን አያሳልፍም። ፎማፓኑ ደግሞ ከመሳሳቱ የተነሳ ከበስተጀርባው ያለው መስኮት ይታይበታል።

ያን ቀን «ፎማ አይረባም» ብዬ ፈረድኩ። ለራሴ ብቻ ብዬው ቢሆን ደህና ነበር፤ ፊልም ከውጭ ሊያስመጣ ለነበረ ወዳጄም ነገርኩት፣ እሱም አምኖኝ ተወው። ፍርዱ ስህተት መሆኑን ያወቅኩት ከሳምንታት በኋላ ነው። እስከዛሬም ይከነክነኛል።

በጠርዙ ላይ የተጻፈው

ነጋቲቮቹን ስድስት ስድስት ፍሬም እያደረግኩ ቆርጬ ፖስታ ውስጥ ሳስገባ ነው የታየኝ። የስልኩን ስክሪን ነጭ አድርጌ ከሥር አብርቼዋለሁ። ካሜራው ፊልሙን በሚስብባቸው የጥርስ ቀዳዳዎችና በፊልሙ ጠርዝ መካከል ባለችው ቀጭን ቦታ ላይ የታተሙት ቁጥሮች፣ 11፣ 11ኤ፣ 12፣ 12ኤ፣ በኤችፒ 5ቱ ላይ ቁልጭ ብለው ጠቁረዋል። በፎማፓኑ ላይ ግን ላጲስ የነካው የእርሳስ ጽሑፍ ይመስላሉ።

እነዚህን ቁጥሮች ካሜራ አያነሳቸውም። ፋብሪካው ፊልሙን ሲያዘጋጅ በራሱ ብርሃን ያትማቸዋል። እኔ ሸተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራውን መዝጊያ) ብሳሳት፣ ብርሃኑን ብለካው ባልለካው፣ ሌንሱን ክዳኑን ሳላወልቅ ብተኩስም ቁጥሮቹ አይነኩም። የሚያወጣቸው እጥበቱ ነው። እነሱ ከደበዘዙ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እጥበቱ ይሆናል። የቁጥሮቹ ጥቁረት ከአምራች አምራች ስለሚለያይ አንዱን ፊልም ከሌላ ኩባንያ ፊልም ጋር ብቻ አስተያይቶ መፍረድ አይቻልም። ስለዚህ ቀድሞ የታጠበ የፎማፓን 400 ነጋቲቭ ፈልጌ አጠገቡ አስቀመጥኩ። የአሮጌው ቁጥሮች ጠቁረው ይነበባሉ። ፊልሙ ደህና ነበር፤ ያጠብኩት እኔ ነኝ ሳልጨርስ ያወጣሁት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነብኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነጋቲቭ ሲበላሽ መጀመሪያ የማየው ጠርዙን ነው። ምስሉም ቁጥሩም ከሳሱ ዴቨሎፐሩ (ምስሉን የሚያወጣው ፈሳሽ) ቀዝቅዟል፣ ደክሟል ወይም ሰዓቱ አጥሯል። ቁጥሩ ጠቁሮ ምስሉ ከሳሳና ጥላው ውስጥ ምንም ከሌለ፣ ጥፋቱ ፎቶው ሲነሳ ብርሃን ማነሱ ነው። ቁጥሩ ኖሮ ምስሉ ጭራሽ ከሌለ ፊልሙ ካሜራው ውስጥ አልተሳበም። ቁጥርም ምስልም የሌለበት፣ እንደ መስታወት የጠራ ፊልም ከወጣ ፊክሰሩ (ምስሉን የሚያጸናው ፈሳሽ) ከዴቨሎፐሩ ቀድሞ ገብቷል ወይም ዴቨሎፐሩ ሞቷል። እስከ ጠርዙ ድረስ የጠቆረው ብርሃን የገባበት ነው። በዚህ መንገድ ሲታይ አብዛኛው «መጥፎ ፊልም» ነጻ ይወጣል።

11 ደቂቃ ሁልጊዜ 11 ደቂቃ አይደለም

ታዲያ ምን ሆኖ ነው? ሁለቱንም ያጠብኩት በአንድ ዓይነት ዴቨሎፐር ነው፤ ዲ-76፣ አንድ እጅ በአንድ እጅ ውሃ የቀጠነ፣ ለ11 ደቂቃ። ይህ ሰዓት ለኤችፒ 5 ፕላስ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተሰጠ ነው። አንደኛው ጥፋት እዚህ ላይ ነው፤ የኤችፒ 5ን ሰዓት ለፎማው ማዋስ አልነበረብኝም። ሁለተኛውና ትልቁ ግን ቴርሞሜትሩ ነው። ወሩ ጥር ነበር። ኤችፒ 5ቱ የታጠበው ከሰዓት በኋላ ነው፣ ፎማው በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ፣ በረንዳ ላይ ባደረ ጀሪካን ውሃ። በኋላ ያንኑ ጀሪካን እዚያው አሳድሬ ስለካው 16 ዲግሪ ነበር። የከሰዓቱ ውሃ ደግሞ 24።

ጅማን የሚያውቅ ይህ አይገርመውም። በበጋው ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ግን ጋቢ ያስደርባል። ዴቨሎፐር ደግሞ ለአንድ ዲግሪ ልዩነት ከሰዓቱ ወደ አንድ አሥረኛ የሚጠጋ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። በ20 ዲግሪ 11 ደቂቃ የሚፈልግ ፊልም በ24 ዲግሪ ወደ 7 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ይበቃዋል፤ በ16 ዲግሪ ደግሞ ወደ 16 ደቂቃ ይጠጋል። አንዱን ፊልም አብስዬ አሳረርኩት፣ ሌላውን ጥሬውን አወጣሁት፤ ከዚያ ሁለቱን አስተያየሁ።

ብርዱ የሚጎዳው ሰዓቱን ብቻ አይደለም። ዲ-76 ውስጥ ሁለት ሠራተኞች አሉ፤ ሜቶልና ሃይድሮኪኖን። ኮዳክ በ1927 ያወጣው ቀመር በአንድ ሊትር ውሃ ሜቶል 2 ግራም፣ ሶዲየም ሰልፋይት 100 ግራም፣ ሃይድሮኪኖን 5 ግራም፣ ቦራክስ 2 ግራም ነው። ሜቶልና ሃይድሮኪኖን እየተጋገዙ ነው የሚሠሩት። ውሃው ሲቀዘቅዝ ግን ሃይድሮኪኖኑ ከሜቶሉ ይልቅ ይለግማል። ስለዚህ የቀዘቀዘ ዴቨሎፐር ላይ ሰዓት መጨመር እስከተወሰነ ድረስ ነው የሚረዳው። ውሃውን ማሞቅ ይሻላል። የፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ አድርጎ ታንኩን (ፊልሙ የሚታጠብበትን፣ ብርሃን የማያስገባ ዕቃ) እና ጠርሙሶቹን እዚያ ማቆም ቀላሉ ዘዴ ነው፤ ሳፋው ትልቅ በሆነ ቁጥር ሙቀቱ ቶሎ አይሸሽም። ሞቆም 24 ቢደርስ ሰዓቱን አሳጥሮ ማጠብ ይቻላል፣ ነገር ግን ከ5 ደቂቃ በታች ከወረደ ዴቨሎፐሩ ሲገባና ሲወጣ ያለው ልዩነት ፊልሙ ላይ ዝንጉርጉር ሆኖ ይታያል።

ዲ-76ን ራሱ ለሚቀምም፣ ቅደም ተከተሉን አትለውጡ። ሜቶል ሰልፋይት በበዛበት ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ ስለዚህ በመጀመሪያ እፍኝ የማይሞላ ቁንጥር ሰልፋይት፣ ከዚያ ሜቶሉ፣ እሱ ጠፍቶ ሲያልቅ ዋናው ሰልፋይት፣ ቀጥሎ ሃይድሮኪኖንና ቦራክስ። ውሃው 50 ዲግሪ አካባቢ ይሁን፤ ለመጠቀም ቢያንስ አንድ ቀን ይደር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ነው፤ ሜቶሉ ሳይሟሟ ሰልፋይቱን የደፋ ሰው ነጭ ዝቃጭ ያወጣል እንጂ ዴቨሎፐር አያገኝም።

«ማጠብ» የምንለው

ፎቶ ቤት ሄደን «ፊልም አሳጠብኩ» እንላለን። ሁሉንም ማጠብ ስላልነው ሁሉም የውሃ ሥራ ይመስላል። እውነተኛው ማጠብ ግን መጨረሻ ላይ የሚመጣው ነው። መጀመሪያ ዴቨሎፐሩ ብርሃን የነካውን የብር ጨው ወደ ጥቁር ብር ይለውጣል፣ ቀጥሎ ስቶፕ ባዝ ያስቆመዋል፣ ፊክሰሩ ብርሃን ያልነካውን ጨው ያሟሟል፣ ከዚያ ነው ውሃው ፊክሰሩን አጥቦ የሚያወጣው።

ፊልሙን ሪል ላይ (ታንኩ ውስጥ በሚገባው መጠቅለያ ላይ) መጠቅለል ሁሉንም የሚያስጨንቅ ክፍል ነው፤ በክረምት ደግሞ ይብሳል። በሐምሌ የጅማ አየር እርጥበት የፕላስቲኩን ሪል ያላብሰዋል፤ እርጥብ ሪል ላይ ፊልም ይጣበቃል፣ ስትገፉት ይታጠፋል። የታጠፈበት ቦታ በኋላ እንደ ጨረቃ ግማሽ ሆኖ ምስሉ ላይ ይወጣል። ሪሉን ቀደም ብሎ በፀጉር ማድረቂያ ማድረቅ፣ የፊልሙን መጀመሪያ ሁለት ማዕዘኖች በመቀስ ክብ አድርጎ መቁረጥ፣ ፊልሙ በጨለማ የሚጠቀለልበት ጥቁሩ ከረጢት ውስጥ እጅ ማላብ ሲጀምር ፊልሙን ታንኩ ውስጥ ከድኖ እጅን አውጥቶ ማናፈስ፤ ሦስቱ ከብዙ ጣጣ ያድናሉ።

ለአንድ የ35 ሚሊሜትር ጥቅል 300 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ 150 ዲ-76፣ 150 ውሃ። ይህ አንዴ ይሠራበትና ይደፋል። ከተሞላ በኋላ ታንኩን በመጀመሪያዎቹ 10 ሰከንዶች አራት ጊዜ መገልበጥ፣ ሥሩን ጠረጴዛ ላይ ጠቅ አድርጎ የአየር ፊኛ ማስለቀቅ፣ ከዚያ በየደቂቃው መጀመሪያ እንደገና አራት ጊዜ። ፊኛው ካልተለቀቀ ዴቨሎፐር ያልነካው ክብ ነጥብ በነጋቲቩ ላይ ጠርቶ ይቀራል፣ ሲታተም ጥቁር ነቁጥ ይሆናል። ታንኩን እንደ ወተት መናጥም ጥፋት ነው፤ በጥርስ ቀዳዳዎቹ ውስጥ እየተስፈነጠረ የሚያልፈው ዴቨሎፐር ጠርዙ ላይ ዥርግርግ መስመር ይተዋል።

ለስቶፕ ባዝ ከወጥ ቤት የሚገኝ 5 በመቶ ነጭ ኮምጣጤ አንድ እጁን በአራት እጅ ውሃ ማቅጠን ይበቃል። ለፊክሰሩ ሰዓት በልማድ አትሂዱ። ከፊልሙ አፍ የተቆረጠች ቁራጭ ፊክሰሩ ውስጥ ጣሉና ጠርታ ብርሃን እስክታሳልፍ ስንት ሰከንድ እንደፈጀባት ቁጠሩ፤ የፊክሰሩ ሰዓት የዚያ እጥፍ ነው፣ እንደ ኮዳክ ቲ-ማክስ ላሉት ፊልሞች ደግሞ ሦስት እጥፍ። ቁራጯ ፊክሰሩ አዲስ በነበረበት ጊዜ ከፈጀባት እጥፍ ከፈጀ ፊክሰሩ አልቋል። ወተት የመሰለ ወይም ወይን ጠጅ ቀለም የያዘ ነጋቲቭ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ፊክሰር እንዳነሰው ነው፤ መልሶ ፊክሰር ውስጥ መክተት ያድነዋል።

ውሃ

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ ለፊልም ሰው ሁለቱም አንድ ናቸው። ቧንቧ ሲጠፋ ለግማሽ ሰዓት ውሃ እያፈሰሱ ማጠብ አይታሰብም። ኢልፎርድ የሚመክረው አጥጋቢ ዘዴ አለ፤ ታንኩን በውሃ ሞልቶ አምስት ጊዜ መገልበጥና መድፋት፣ በአዲስ ውሃ አሥር ጊዜ፣ በሌላ አዲስ ውሃ ሃያ ጊዜ። ለአንድ ፊልም አንድ ሊትር እንኳ አይሞላም። ውሃዎቹ ሁሉ በሙቀት መቀራረብ አለባቸው፤ ከሞቀ ፊክሰር ወደ በረዶ የመሰለ ውሃ የተወረወረ ፊልም ቆዳው ሊጨማደድ ይችላል፣ ያ ደግሞ አይመለስም።

የመጨረሻው ማለቅለቂያ ላይ የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ነጭ ጠብታ ምልክት ይተዋል። የጅማ ክረምት የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። ጣሪያው በመጀመሪያው ዝናብ ከታጠበ በኋላ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ኖራ የለበትም፤ በጥቅጥቅ ጨርቅ አጣርቶ፣ በአንድ ሊትር አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ጨምሮ፣ ፊልሙን ለደቂቃ ነክሮ ሳይነኩ መስቀል ነው። ዝናብ በሌለበት ወር ከመኪና ዕቃ መደብር የሚሸጠው የተጣራ የባትሪ ውሃ ይሠራል። አሲዱን አለመግዛታችሁን ግን መለያውን አንብባችሁ አረጋግጡ፤ ጠርሙሶቹ ይመሳሰላሉ።

ፊልሞቹን በተመለከተ

እጥበቱ ከተስተካከለ በኋላ ነው ስለ ፊልም ማውራት የሚቻለው። ኤችፒ 5 ፕላስ ይቅር ባይ ፊልም ነው። ብርሃን ቢበዛበትም ቢያንስበትም ምስል ይሰጣል፣ ኮንትራስቱ (የጥቁርና የነጩ ልዩነት) የተረጋጋ ነው፤ ምሽት ላይ ፍጥነቱን (ለብርሃን ያለውን ስሜት) 1600 ብለው ቢያነሱበት በኢልፎርዱ ዴቨሎፐር በአይዲ-11 ሳይቀጥን በ20 ዲግሪ 14 ደቂቃ ታጥቦ ይመጣል። የኮዳክ ትራይ-ኤክስ 400 ከ1954 ጀምሮ በ35 ሚሊሜትር አለ፤ ጥቁሩ ጠንከር ይላል፣ በዲ-76 አንድ ለአንድ 9 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ይበቃዋል። የኮዳኩ ቲ-ማክስና የኢልፎርዱ ዴልታ ጠፍጣፋ ቅንጣት ስላላቸው ምስላቸው ይለሰልሳል፤ በሰዓትና በሙቀት ላይ ግን ቁጡ ናቸው። ውሃው እንደየሰዓቱ በሚለዋወጥበት ቤት ለጀማሪ አልመክራቸውም።

ፎማፓን የሚሠራው ቼክ ሪፐብሊክ፣ ህራዴትስ ክራሎቬ ከተማ ነው። 400 የተባለውን እንደ 400 ካነሱት ጥላው ባዶ ይሆናል፤ በአብዛኛው ዴቨሎፐር እውነተኛ ፍጥነቱ ወደ 200 ወይም 250 ይጠጋል። እኔ የብርሃን መለኪያውን 200 ላይ አደርገዋለሁ። ሌላው መታወቅ ያለበት ሸተሩ ለረጅም ጊዜ ሲከፈት መስነፉ ነው። በፎማፓን 100 የመረጃ ወረቀት መሠረት መለኪያው 1 ሰከንድ ካለ 2 ሰከንድ፣ 10 ሰከንድ ካለ 80 ሰከንድ ያስፈልጋል። በሻማ ብርሃን ጀበና የሚያነሳ ሰው ይህን ካላወቀ ጨለማ ይዞ ይመለሳል።

ሁሉም ፊልም ላይ የሚሠራ አንድ የኛ አገር ጉዳይም አለ። መለኪያ ነጭ ነጠላ ሲያይ ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ቀዳዳውን ያጠባል፤ ፊት ጥላ ውስጥ ይሰምጣል። መለኪያውን ወደ ፊቱ አስጠግታችሁ ለኩ፤ ለጥቁር ቆዳ ከመለኪያው አንድ ስቶፕ፣ ማለትም ብርሃኑን በግማሽ፣ ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ፊቱን የሚያወጣው ያኔ የምትሰጡት ብርሃን ነው። የነጠላው ጥለት መውጣትና አለመውጣት በአብዛኛው እጥበቱ ላይ ነው፤ ሰዓት ካበዛችሁ ነጩ ይደፈናል።

ፊልም በሰው እጅ ከውጭ ለምናስመጣ ደግሞ፣ ሻንጣ የሚፈትሹት አዲሶቹ የአየር ማረፊያ ሲቲ ስካነሮች ፊልምን ያጨልማሉ። ተጓዡ ፊልሙን በእጅ እንዲፈትሹለት ይጠይቅ፤ በምንም ዓይነት ሻንጣ ውስጥ ጭኖ አይላከው።

ቡናውስ?

ጅማ ሆኖ ይህን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። ፊልም በቡና ይታጠባል፤ ነገሩ በ1995 በአሜሪካ ሮቼስተር የቴክኖሎጂ ተቋም ነው የተጀመረው፣ ካፌኖል ይባላል። በአንድ ሊትር ውሃ የሶዲየም ካርቦኔት ዱቄት 54 ግራም፣ ቫይታሚን ሲ 16 ግራም፣ በውሃ የሚሟሟ ቡና 40 ግራም፤ በ20 ዲግሪ 15 ደቂቃ። ካርቦኔት ከጠፋ 86 ግራም ያህል ቤኪንግ ሶዳ ምድጃ ውስጥ በ200 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ቢጋገር ውሃውና ጋዙ ይለቅና ወደ 54 ግራም ካርቦኔት ይቀራል።

ሥራውን የሚሠራው ካፌይን አይደለም፤ ካፌይክ አሲድና ዘመዶቹ ናቸው። እነሱ ደግሞ ከአረቢካ ይልቅ በሮቡስታ ይበዛሉ፣ ቡናው ጠቁሮ በተቆላ ቁጥርም ይቀንሳሉ። ስለዚህ በጀበና የፈላው የጅማ ቡናችን ለፊልም ከርካሹ የዱቄት ቡና ያነሰ ነው። ይህን ስል ቅር እያለኝ ነው፣ ግን እውነቱ ይህ ነው። ካፌኖል የሚያምር ምስል ያወጣል፤ ሁለት ፊልም ለማወዳደር ግን አልጠቀምበትም፤ ከቆርቆሮ ቆርቆሮ ቡናው ይለያያልና።

በርጩማውንና ነጠላውን ደግሜ አነሳኋቸው፤ በዚያው በረንዳ፣ በዚያው ሰዓት። ኤችፒ 5ቱን በ400፣ ፎማውን በ200። ውሃው በሳፋ ውስጥ 20 ዲግሪ፣ ለእያንዳንዱ ፊልም የራሱ ሰዓት። ሁለቱም ሲሰቀሉ የጠርዝ ቁጥሮቻቸው ቁልጭ ብለው ይነበቡ ነበር። የበርጩማው እግር ሥር፣ ጥላው ውስጥ፣ የመጥረቢያው ምት በሁለቱም ላይ ይታያል። የኤችፒ 5ቱ ጥለት ክሩ ይቆጠራል። በፎማው ላይ ቅንጣቱ ሻከር ይላል፤ ፀሐይ የመታው የነጠላው ጫፍ ደግሞ በዙሪያው እንደ ጭስ ያለ ስስ ብርሃን አስከትሏል። ይህኛው ከእጥበት አልመጣም። ይህ የፊልሙ ነው።